እደጉ ተመንደጉ፣ አስተዳዳሪዎቻችን

የቴሌግራም ቡድን ማስተዳደር ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አራት ኪሎ ብቅ ይበል። ከሚያዝያ 27 አደባባይ አለፍ ብሎ፣ ካፌው በረንዳ ላይ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ቡድናችን አምስት አስተዳዳሪዎች ለከባድ ጉዳይ ተሰይመዋል፤ የአስተዳዳሪዎች ምስጢር በየት በኩል ይነገር?

መቼም ስለ ጥንቃቄያቸው ያላመሰገነ ንፉግ ነው። መጀመሪያ ለአምስቱ ብቻ የሚሆን ቡድን ነበራቸው። አንደኛው ሲያኮርፍ፣ እሱ የሌለበት ሁለተኛ ቡድን ተከፈተ። አኩራፊውም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ያስኮረፈው የሌለበት ሦስተኛ ከፈተ። አምስት ሰው፣ ሦስት ምስጢር!

ሊቀ መንበሩ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ አጥንተው ነው የመጡት። በቴሌግራም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የሚቆለፈው ምስጢራዊ ንግግር ለሁለት ሰው ብቻ እንደሆነ፣ ተራው ቡድን ግን እንዲህ እንደማይቆለፍ አስረዱ። እውነታቸውን ነው። ታዲያ አምስት ሰው እንዴት ይሁን? ገንዘብ ያዡ ሶፍት ላይ አሰሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ 10 ምስጢራዊ ንግግር። ሊጸድቅ ሲል ጸሐፊዋ ዋትሳፕን አነሡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቡድኑም ጭምር የተቆለፈ ነው። «ስልክ ቁጥሬ ሊታይ?» አሉ አንዱ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ለሚያውቋቸው ጓደኞቻቸው። ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ ተጠቆመ፤ መልእክቱ ቢበዛ በአራት ሳምንት ራሱን እንዲሰርዝ ማድረግ ይቻላል። «ከተሰረዘማ ቃለ ጉባኤውን በምን እንይዛለን?»

ይህን ሁሉ ሰልዬ አላገኘሁትም። ሦስት ጠረጴዛ ርቄ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ነው የሰማሁት፤ ማን ከቡድኑ ሊባረር እንደታሰበ ጭምር። (እኔ አይደለሁም፤ እግዜር ይስጣቸው።)

በዋናው ቡድን ውስጥ «ዛሬ 1,000 ብር ላኩ፣ ነገ 5,000 ውሰዱ» የሚል መልእክት ከማክሰኞ ጀምሮ ተገትሯል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚሉ ምቀኞች አልጠፉም። ነገሩን ስለማይረዱት ነው። መልእክቱን ለመሰረዝ መወሰን ያስፈልጋል፤ ለመወሰን ደግሞ ምስጢራዊ መስመር፤ መስመሩ ገና አልተመረጠም።

በመጨረሻ ሲግናል ሦስት ለሁለት አሸነፈ። ስኒ የሚሰበስበው አስተናጋጅ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ባለፈው ቅዳሜም ሲግናል ብላችሁ ነበር እኮ።»

ሊቀ መንበሩ ግራና ቀኝ ገልመጥ አሉና፣ በዚያ ረፋድ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቀስ በል ልጄ፣ ሰው ይሰማል።»