የጠየቀችው አንባቢ ነው፣ አሳዳሪ አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በተጠራ ውይይት አንድ የሕግ ባለሙያ ተነሡና «የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ሰው አሳዳሪ ካልተሾመለት ማንም ያታልለዋል» አሉ። አሳዳሪ ማለት በሰውየው ፈንታ የሚወስን ሰው ነው። አዳራሹም አጨበጨበ። ንግግሩ አናደደኝ፣ ጭብጨባው ግን አንገበገበኝ።

ማን ነው የሚያታልለው? ቤቱን የሚሸጥበት፣ ኪራዩን የሚበላበት የመንገድ ሌባ አይደለም። ማኅተም ያረፈበት የአሳዳሪነት ወረቀት የያዘ ዘመድ ነው። ሰውን ከአታላይ እንጠብቅ ብሎ ፊርማውን ጠቅልሎ ለአንድ ሰው መስጠት ምን የሚሉት ጥበቃ ነው?

ማራኪ አካባቢ ጉልት የምትሸጥ፣ ይኸው ውስንነት ያለባት ልጅ አውቃለሁ። ሽንኩርቷን መደብ መደብ አድርጋ ትደረድራለች። መቶውን ከሁለት መቶው በቀለሙ ትለያለች። ብሩ ሲበዛባት ጎረቤቷን ታስቆጥርና ዕቁቧን ራሷ ትጥላለች። እናቷ ሲሞቱ ወንድሞቿ «እሷ ምንም አታውቅም» ብለው በፍርድ እንድትከለከል፣ ማለትም ራሷ መወሰንና መፈረም እንዳትችል፣ ለፍርድ ቤት አመለከቱ። እሷ ያለችው «ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ» ብቻ ነው።

ለመሆኑ በዚህ ከተማ ብቻውን የሚወስን ማን አለ? ቤት የሚገዛ ሰው ደላላ ይይዛል፣ ውል የሚያውቅ ዘመድ ይጠራል፣ ምስክር ያስፈርማል። ልጁን የሚድር ሽማግሌ ያስቀምጣል፣ ነፍስ አባቱን ያማክራል። ነጋዴው የግብር ወረቀቱ ግራ ሲገባው ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ከፍሎ ያሠራል፣ ሐኪሙም ሲታመም ሌላ ሐኪም ይጠይቃል። ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ «ምክር ስለጠየቅህ ከእንግዲህ አትፈርምም» የተባለ አለ? ራሱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1728 የዓይነ ስውርና የማያነብ ሰው ፊርማ በዳኛ ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይረጋገጥ ይላል እንጂ ሌላ ሰው ይፈርምለት አይልም። ለዓይነ ስውሩ የተገኘው ብልሃት ለዚች ልጅ ሲሆን ለምን ይጠፋል?

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ነው። አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ እንደማንኛውም ሰው ሕጋዊ ችሎታ አለው፣ መንግሥትም ለመወሰን የሚያስፈልገውን ድጋፍ እንዲያገኝ ያድርግ ይላል። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ኮሎምቢያ በ2019 ለአዋቂ አካል ጉዳተኞች አሳዳሪ መሾምን ትተው ሰውየው ራሱ እንዲወስን ወደሚያግዝ ደጋፊ ዞረዋል። እነዚህ ሀብታም አገሮች አይደሉም፤ ስለዚህ «አቅም የለንም» የሚለውን አልሰማም። ራሱን ስቶ የተኛ ሰው ሌላ ይወስንለት፣ እሺ። እሱን ምሳሌ አድርጎ በእግሯ የምትሄደውን፣ ሠርታ የምትበላውን ልጅ ዝም ማሰኘት ግን ነውር ነው።

የቤተሰብ ሕጉ በ1992 በፌዴራል፣ በ1995 በክልላችን ተቀይሯል። ሰውን በፍርድ የሚከለክለው ምዕራፍ ግን ያው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይቀየር። ደጋፊዋን ራሷ ትምረጥ፣ ካልተስማማትም ራሷ ታሰናብተው። እስከዚያው ዳኞቻችን ወንድሞቿን ከመስማታቸው በፊት ማመልከቻውን ያስነብቡላትና ምን እንደምትፈልግ እሷኑ ይጠይቋት።