ከአጥር ወዲያ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡትን እናት አለማድነቅ ንፉግነት ነው። ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አንድ ሕፃን የወይራ ቅርንጫፍ ሲያጎብጥ አይተው «ተው ልጄ፣ የታቦት ነው፣ ይቀሥፍሃል!» ብለው ያስጣሉት እሳቸው ነበሩ። ታክሲያችን የቀበና ድልድይ ላይ ሲደርስ ከሃይላንዱ የቀረችውን ውኃ ጨለጡ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ዘጉና (ንጽሕና ይወዳሉ) በመስኮት ወደ ወንዙ ሸኙት። እኔ ዓይነ አፋር ነኝ፤ የእኔን ከወንበሩ ሥር ሸጎጥኩ።

ይህ ጥበብ በትምህርት ቤት አይገኝም። የሌላ አገር ሊቅ ምድር አንዲት ናት እያለ ሲዳክር እኛ ለሦስት ከፍለን ጨርሰናል፤ የእግዚአብሔር፣ የእኔ እና የመንግሥት። በመጀመሪያው ክፍል ማንም አይደርስብንም። ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ያየ ሰው ያውቃል፤ በታረሰው ቡናማ መሬት ላይ እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነጥብ ይታያል፤ በነጥቡ መሀል ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥዱ፣ ወይራውና ዋንዛው ለዘመናት የኖሩት ጠባቂ ተቀጥሮላቸው ሳይሆን መቅሠፍት ተፈርቶ ነው። ሁለተኛው ክፍልም አይታማም፤ ግቢያችን በየማለዳው ውኃ ተርከፍክፎበት ይጠረጋል። ጥራጊው የበሩን ደፍ እስኪሻገር የእኛ ነው፤ ከተሻገረ በኋላ ዜግነቱን ለውጦ የመንግሥት ይሆናል።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ስትወቀስ ኖራለች። ፍርደ ገምድልነት ነው። እሷ ቢያንስ በቁሟ እንዲበቅል ፈቅዳለች።

ተከላም እንወዳለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ እኔም ኮረብታ ላይ ነበርኩ። ጥቁሩን ፕላስቲክ ቀደድን፣ ችግኙን ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ፕላስቲኩን እዚያው ትተን ወረድን። ከሁለቱ አንዱ ለመጽደቁ ዛሬም ዋስ እሆናለሁ።

ወደ ሃይላንዱ ልመለስ። የቀበና ውኃ ወርዶ ወርዶ ከአቃቂ ይገናኛል፤ የከተማው ቆሻሻና የፋብሪካው ፍሳሽ ታክሎበት የጎመንና የሰላጣ ማሳ ያጠጣል። ጎመኑ ማልዶ ተጭኖ ገበያችን ይገባል። ጾም ለሚያበዛ ሕዝብ ከዚህ የተሻለ መሰናዶ ከየት ይመጣል? የጣልነው ነገር ከንቱ አይቀርም፤ በሽንኩርትና በዘይት በስሎ ይመለስልናል።

እናታችንም ከታክሲው ወርደው ጉልት ገቡ። አንድ እስር ጎመን አነሡና አገላብጠው አሸተቱት።

«የአቃቂ እንዳይሆን ብቻ፣ ልጄ።»

«ኧረ እማማ፣ የሆለታ ነው!»

በዚህ ከተማ የአቃቂ ጎመን የሚሸጥ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።