ማስተካከያ፦ አዲሱ ድራይቨር ለሁሉም የኤንቪዲያ ካርድ አይሆንም

ባለፈው ጽሑፌ «ኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ኡቡንቱን (ሊኑክስ የሆነውን ስርዓተ ክወና) ከጫነ በኋላ አዲሱን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ያስገባ፤ በቃ ይሠራል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

እዚህ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጄ ምክሬን ሰምቶ ጂቲ 710 በሚባል የኤንቪዲያ ካርድ ላይ ሞከረው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። የደንበኛ ኮምፒውተር ነበር፤ ግማሽ ቀኑ በእኔ ምክንያት ባከነ። እሱን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እናንተንም ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂቲ 710 ኬፕለር የሚባለው ትውልድ ካርድ ነው። ለኬፕለር የመጨረሻው ድራይቨር 470 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ካርዱን ጭራሽ አያውቁትም። 470ም ቢሆን ከአዳዲስ ከርነሎች (የሊኑክስ እምብርት ከሆነው ሶፍትዌር አዳዲስ ስሪቶች) ጋር አንዳንዴ አይስማማም።

ጂቲ 730 ደግሞ የባሰ ያደናግራል። በዚሁ ስም የተሸጡት አንዳንዶቹ ኬፕለር፣ አንዳንዶቹ የቀደመው ፌርሚ ናቸው። ለፌርሚ የመጨረሻው 390 ነው። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ያለውን ስም አትመኑ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ በኤልኤስፒሲአይ (lspci) ትእዛዝ የቺፑን ስም እዩ። በ«ጂኬ» (GK) ከጀመረ ኬፕለር፣ በ«ጂኤፍ» (GF) ከጀመረ ፌርሚ ነው።

ስክሪኑ የጠቆረባችሁ ካላችሁ በሪከቨሪ ሞድ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ለጥገና በሚመረጠው አማራጭ) ገብታችሁ ያስገባችሁትን ድራይቨር አጥፉት። ኑቮ የሚባለው ነፃ ድራይቨር ይመለሳል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፤ ጌም ላይ አትጠብቁት። ለጽሑፍ ሥራና ለኢንተርኔት ግን ይበቃል።

ስለ ኤኤምዲ (የሌላው ኩባንያ) ካርዶች የጻፍኩት እንዳለ ነው፤ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል።