ማስተካከያ፦ ሳይቶካይን ሁሉ የወንድ ዘር ጠላት አይደለም

ቀደም ሲል በወጣው መረጃ ላይ «ሳይቶካይን የወንድ ዘርን ይገድላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሚከተለው ይታረም። ሳይቶካይን የሚባሉት የበሽታ መከላከያ መልእክተኛ ፕሮቲኖች በጤነኛ ቆለጥ ውስጥም ይመረታሉ፤ ሥራም አላቸው። ለምሳሌ ኢንተርሉኪን-1 አልፋ እና ቲኤንኤፍ አልፋ፣ የዘር ሴሎችን በሚንከባከቡት፣ ሰርቶሊ በተባሉት የቆለጥ ሴሎች መካከል ያለውን ጥብቅ አጥር በማላላት በማደግ ላይ ያለው የዘር ሴል ወደ ውስጥ እንዲያልፍ ይረዳሉ። ከፊቱ ያለው አጥር ሲላላ ከኋላው አዲስ ይሠራል፤ እጅግ የሚደንቅ አሠራር ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በኢንፌክሽን ወይም በአካል ክፍል መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ምክንያት መጠናቸው ሲያሻቅብ ነው። ያኔ የስፐርሙ እንቅስቃሴ ሊዳከም፣ ዲኤንኤውም ሊጎዳ ይችላል። በ1 ሚሊ ሊትር የዘር ፈሳሽ ከ1 ሚሊዮን በላይ ነጭ የደም ሴል መገኘቱም ተጨማሪ ምርመራ የሚያሻው ምልክት እንጂ የመካንነት ማረጋገጫ አይደለም። የቀድሞውን መረጃ አይታችሁ መድኃኒት ለመጀመር ያሰባችሁ፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።