የሊኑክስ ፕሮግራሞችን አንድ መልክ ለማስያዝ፦ ከቲሙ በፊት ፊደሉ

ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11ን የማይሸከም አሮጌ ኮምፒውተር ከመጣል ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና መጫን ይሻላል። ጅማ ውስጥ በሄርማታም ሆነ በፈረንጅ አራዳ የአንድ ጽሕፈት ቤት ማሽን ወደ ሊኑክስ ሲዞር ግን ቶሎ የሚሰማው ቅሬታ ስለ መልክ ነው፤ አንዱ ፕሮግራም ጥቁር፣ ሌላው ነጭ፣ የፋይል መክፈቻው ሁለት ዓይነት፣ አማርኛው በየመስኮቱ የተለያየ። ጫኚው ይህን ሲሰማ የሚያምር ቲም (የመስኮቶችን ቀለምና ገጽታ የሚወስን ጥቅል) ወደ ማውረድ ይሮጣል። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይመስለኛል።

ነገሩ የሚመነጨው ፕሮግራሞች ቁልፋቸውንና ሜኑአቸውን የሚስሉት በዴስክቶፑ ሳይሆን በተሠሩበት ላይብረሪ (ዝግጁ የፕሮግራም ክፍሎች ስብስብ) በመሆኑ ነው። ግኖም፣ ኤክስኤፍሲኢና ሲናመን የተባሉት ዴስክቶፖች ጂቲኬ የሚባለውን ላይብረሪ ይጠቀማሉ፤ ኬዲኢ ፕላዝማ ደግሞ ኪውቲ የሚባለውን። ስለዚህ ኤክስኤፍሲኢ ላይ የተጫነ የኬዲኢ ፕሮግራም እንግድነቱ ያስታውቃል። 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ላለው ማሽን የተሻለው መፍትሔ እንዳይቀላቀሉ ማድረግ ነው፦ ኤክስኤፍሲኢ ከሆነ የጂቲኬ ፕሮግራሞችን መምረጥ። መልኩም ይስማማል፣ ሁለት ላይብረሪ በአንድ ጊዜ ሜሞሪ ላይ መጫንም ይቀራል።

የቢሮ ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስ ከሁለቱም ጋር ይግባባል፣ የሚያስፈልገው ማገናኛ ፓኬጅ ከተጫነለት። ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶች) ሊብሬኦፊስ-ጂቲኬ3 የሚባለው ለጂቲኬ ዴስክቶፖች ነው፤ ለፕላዝማ ደግሞ የኬዲኢው አለ። አንዱም ከሌለ ፕሮግራሙ ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ የሚመስል ደረቅ ገጽታ ይይዛል፣ ብዙ ሰውም ጥፋቱን ሊብሬኦፊስ ላይ ይጥላል።

የኪውቲ ፕሮግራም የግድ ሲሆን ኪውቲ5ሲቲና ኪውቲ6ሲቲ የተባሉትን የገጽታ ማስተካከያዎች መጫን፣ ከዚያም «ኪውቲ_ኪውፒኤ_ፕላትፎርምቲም» የሚባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሞች ሲነሡ የሚያነቡት ቅንብር) ወደ እነሱ እንዲያመለክት ማድረግ ነው (QT_QPA_PLATFORMTHEME ተብሎ ይጻፋል)። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ተለዋዋጩን ለመላው ሲስተም በሚያገለግለው የኢንቫይሮንመንት ፋይል ውስጥ ይጽፉታል፤ በዚያው ማሽን ሌላ ሰው ፕላዝማ ሲከፍት የፕላዝማ የራሱ የቀለምና የአይኮን ቅንብር ይሻራል፣ ጥቁር ጀርባ ላይ ጥቁር አይኮን ይመጣል። ሁለት ዴስክቶፕ ያለበት ማሽን ላይ ተለዋዋጩ ለአንዱ ሴሽን (ተጠቃሚው ገብቶ እስኪወጣ ለሚሠራበት ዴስክቶፕ) ብቻ ይሰጥ።

አዲሶቹ የግኖም ፕሮግራሞች ሌላ ጣጣ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የወጣው ሊባድዋይታ የተባለው የግኖም ላይብረሪ የጂቲኬ ቲምን ከነጭራሹ አይቀበልም። ከዚያ በፊት በ2019 የተወሰኑ ፕሮግራም ሠሪዎች «ቲም አትጫኑብን» የሚል ግልጽ ደብዳቤ አውጥተው ነበር፤ ያልሞከሩት ቲም ጽሑፋቸውን የማይነበብ ሲያደርገው ስሞታው ወደ እነሱ እንደሚመጣ በማስረዳት። ግማሹ እውነት አላቸው። ግን ዴስክቶፕ ግኖም ብቻ አይደለም፤ በ2024 የወጣው ሊኑክስ ሚንት 22 በርካታ የግኖም ፕሮግራሞችን ወደ ጂቲኬ3 ቅጂያቸው የመለሰው ለዚህ ነው። ለተራ ተጠቃሚ የምመክረው በሲኤስኤስ (የገጽታ መግለጫ) ፋይል ሊባድዋይታን ማስገደድ ሳይሆን (በሚቀጥለው አፕዴት ይፈርሳል) ጨለማና ብርሃኑን ብቻ ማስማማት ነው። ጂሴቲንግስ በሚባለው ትእዛዝ በግኖም ኢንተርፌስ ሥር ያለውን ከለር-ስኪም ወደ ፕሪፈር-ዳርክ መቀየር ይበቃል። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ጥቁር ቲም ተመርጦም አንዳንድ መስኮት ነጭ ሆኖ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ይህ ስላልተነካ ነው።

ፍላትፓክ በሚባለው መንገድ የተጫነ ፕሮግራም ከሲስተሙ ተነጥሎ በአጥር ውስጥ ስለሚሠራ የሲስተሙን የቲም ማኅደር አያይም፤ የጂቲኬ3 ቲሙ ለብቻው እንደ ማስፋፊያ ይጫንለታል። ራንታይሙ (ፕሮግራሙ የሚሠራባቸው ላይብረሪዎች ጥቅል) በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሚወርድ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው የዲስትሮው የራሱ ፓኬጅ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ፊደሉ። ጂቲኬም ኪውቲም ፎንት የሚጠይቁት አንዱን፣ ፎንት መራጩን ፎንትኮንፊግን ነው፤ አንድ ፋይል ማስተካከል ሁለቱንም ወገን ያስተካክላል። የትኛውም ቲም ይህን አይሰጥም። የግዕዝ ፎንት ካልተመረጠለት ፎንትኮንፊግ ያገኘውን ያነሳል፤ አንዳንዴ ፍሪሰሪፍን ያመጣና ሜኑው ላይ ቀጭን የመጽሐፍ ፊደል ይታያል፣ ምንም ካላገኘ ደግሞ ባዶ ሳጥን። ኤፍሲ-ማች የሚባለው ትእዛዝ ለአማርኛ የተመረጠውን ፎንት ስም ያሳያል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ፎንትስ-ኖቶ-ኮር ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አለ። በፎንትኮንፊግ የግል ፋይል ውስጥ ለሳንስ-ሰሪፍ መጀመሪያ ኖቶ ሳንስ፣ ቀጥሎ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሰለፉ። ቅደም ተከተሉ እንደ ጅማ ባለ ከተማ ዋጋ አለው፦ በአንድ ደብዳቤ ላይ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በግዕዝ ሲጻፍ፣ ከተገለበጠ የላቲኑ ፊደልና ቁጥሩ ከግዕዙ ፎንት ሊወሰድና መልኩ ሊዛባ ይችላል። መጠኑን ከ10 ወደ 11 ማሳደግም ይጠቅማል፤ በትንሽ ስክሪን «ቡ» እና «ቢ»ን የሚለየው ጭረት ቶሎ ይጠፋል።

ኪቦርዱም እንደዚሁ። አይባስ የተባለውን የጽሕፈት ማስገቢያ ኤም17ኤን ከሚባለው የኪቦርድ ስብስብ ጋር ጭኖ የአማርኛውን ሴራ አጻጻፍ (በላቲን ፊደል እየተጻፈ ግዕዝ የሚያወጣውን) መምረጥ ይቻላል። አማርኛው ጂቲኬ ላይ እየተጻፈ ኪውቲ ላይ እምቢ ካለ፣ የኪውቲው የኢንፑት ተለዋዋጭ አልተሞላም ማለት ነው። በኤክስ11 (መስኮቶችን በስክሪን ላይ የሚያሳየው የቆየው ሲስተም) አይኤም-ኮንፊግ የሚባለው መሣሪያ ሁሉንም በአንዴ ይሞላል። ከዚያ ከሴሽኑ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል፤ ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት አይበቃም።