እርማት፦ ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ አይቀልም
የኮራል አኳሪየም ማለት ኮራል የተባሉ የባሕር እንስሳት የሚኖሩበት የጨው ውሃ ገንዳ ነው። «ለመጀመሪያ የኮራል አኳሪየም 20 ሊትር ገንዳ ይበቃል፤ ርካሽ ነው፣ ለጀማሪም ይቀላል» ለሚለው ምክር እርማት ልስጥ። ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ብዙ ኮራል የሚሞተውም በዚሁ ነው።

ውሃ ሲተን ጨዉ አብሮ አይሄድም። ከ20 ሊትር ላይ 1 ሊትር ቢተን፣ በኪሎ ውሃ 35 ግራም የነበረው ጨው ወደ 37 ይጠጋል። ከ100 ሊትር ላይ ያው 1 ሊትር ቢጎድል ግን 35.4 ገደማ ቢሆን ነው። ሙቀቱም በትንሽ ውሃ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ኮራል ደግሞ እንዲህ ያለ መለዋወጥ ይጎዳዋል። (የጎደለውን የሚተካው ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ነው። የጨው ውሃ ከጨመሩበት ነገሩን ያባብሱታል።)

ስለዚህ በጀትዎ ጠበብ ካለ ከገንዳው መጠን ላይ አይቀንሱ። 80 ወይም 100 ሊትር የሚይዝ ያገለገለ ገንዳ ይፈልጉ። አደራ፣ ዓሣ በመዳብ መድኃኒት የታከመበትን እንዳይገዙ! መዳብ ለኮራልም ለሽሪምፕም መርዝ ነው።

ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ መሣሪያ) መግዛቱ ሊቆይ ይችላል፤ ዓሣ ካላበዙና በየሳምንቱ 10 በመቶውን ውሃ ከቀየሩ። ለስላሳ ኮራሎችም ውድ መብራት አይፈልጉም። ጨው በሚለኩበት ሪፍራክቶሜትርና በማሞቂያው ላይ ግን በፍጹም አይሰስቱ።