ጠመንጃው ነበር፤ ጥይቱስ?

አገር ያለ ሠራዊት መኖር ትችላለች የሚል ሰው አንድ ምሳሌ አያጣም፦ ኮስታ ሪካ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ሠራዊቷን አፈረሰች፤ በዓመቱ ይህንኑ በሕገ መንግሥቷ አጸናች፤ ዛሬም አለች። ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1955 ከኒካራጓ በኩል ታጣቂዎች ገቡባት፤ ከተሞቿም ከአየር ተተኮሰባቸው። ለአሜሪካ አገሮች ድርጅት አቤት አለች፤ ድርጅቱ መርማሪዎች ላከ፤ ዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ አራት ሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላኖችን እያንዳንዳቸውን በአንድ ዶላር ሸጠችላት። ወረራው ብዙም ሳይቆይ ከሸፈ። እንግዲህ ኮስታ ሪካ የጦር ኃይል አላስፈለጋትም ማለት አይቻልም። ተውሳ ነው የተጠቀመችው፤ የሚያውሳትም አገኘች።

የሚያውሰው ያጣ አገር ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያም የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ማዕቀብ ጣለባት፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ግን ነዳጅ አልገባም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወታደር የጫኑ የጣሊያን መርከቦች የመተላለፊያውን ሒሳብ እየከፈሉ ወደ ምጽዋ አለፉ። የአሜሪካ የገለልተኝነት ሕግ በበኩሉ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ጣሊያን መድፉንም አውሮፕላኑንም በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን ጥይት ሳይቀር ከውጭ ነው የምታስመጣው።

የቀረው በር ጅቡቲ ነበር፤ ወደቡ የፈረንሳይ፣ መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አንድ ሐዲድ። አዲስ አበባ የደረሰው ዕቃ በመኪና ደሴ ድረስ ቢሄድ እንኳ ከዚያ ወዲያ የሚጓዘው በበቅሎና በሰው ጀርባ ነው። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው ወረራው ሊጀምር ወራት ሲቀሩት በመሆኑ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የተሰለፈው የክብር ዘበኛ ግን በቤልጂግ መኮንኖች የሠለጠነ ደህና ጦር ነበር፤ በድፍረትም አይታማም። ጥቃቱ በቀናት ዘገየና ጣሊያኖች ምሽጋቸውን ለማጠናከር ጊዜ አገኙ። የንጉሠ ነገሥቱን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ያነቡ ስለነበር ጥቃት እንደሚመጣም ያውቁ ነበር። በላዩ ላይ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ሲጨመር ውጤቱ የታወቀ ነው።

«ታዲያ አድዋስ?» ይባላል። አድዋን በጀግንነት ብቻ የሚተርክ ሰው ሒሳቡን ሠርቶት አያውቅም። 100,000 ያህል ዘማች እንበል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ቢታሰብ፣ እሱም ለተራበ ወታደር አንሶ፣ በቀን 500 ኩንታል ነው። በቅሎ አንድ ኩንታል ትሸከማለች ብንል ለአንድ ቀን ምግብ ብቻ 500 በቅሎ፣ ለወር 15,000። አጋሰሱም ይበላል። ዘመቻው ደግሞ ከጥቅምት እስከ የካቲት የዘለቀ ነው፤ የተዘመተበት አገርም ክፉ ቀን ካራቆተው ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። በየካቲት መጨረሻ የዐፄ ምኒልክ ጦር ስንቅ ጨርሶ ሊበተን ተቃርቦ ነበር። የጣሊያኑ አዛዥ የጄኔራል ባራቲየሪም ጦር የቀረው የጥቂት ቀን ቀለብ ነበር፤ ከምሽጉ ያስወጣው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ዛሬ የምናከብረው በዓል ምን እንደሚሆን እንጃ።

ጥይቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በዘመኑ ከነበሩት ጠመንጃዎች የፈረንሳዩ ውጅግራ አፈሙዝ 11 ሚሊ ሜትር፣ የጣሊያኑ ቬተርሊ 10.4 ነው፤ የእንግሊዙ ሰናድር ደግሞ ከሁለቱም የሚሰፋ አፈሙዝ አለው፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። አንድ አለቃ ሥር ሦስቱም ካሉ ሦስት ዓይነት ጭነት ለይቶ መላክ ያስፈልጋል፤ ከተሳሳተ ወታደሩ የታጠቀው ዱላ ነው። በዚያ ላይ ጥይት በየገበያው እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ይመነዘር ስለነበር ሁሉም ለጦርነት አይውልም።

የምኒልክ ብልሃት ታዲያ በሩ ክፍት ሳለ ለዓመታት ማከማቸታቸው ላይ ነው። ከፈረንሳይ ነጋዴ ገዙ፣ ከጣሊያንም ወሰዱ። በ1885 ዓ.ም. ጣሊያን ወዳጅነታቸውን ለመግዛት 2 ሚሊዮን ጥይት ላከችላቸው፤ እሳቸው ጥይቱን ተረክበው የውጫሌን ውል አፈረሱ። ከዚህ የተሻለ የመሣሪያ ግዢ በታሪካችን አላውቅም።

ስለዚህ አገር የጦር ኃይል ያስፈልጋታል ወይ ለሚለው መልሴ አዎ ነው፤ ኃይሉን የምለካው ግን በሰልፍ ላይ በሚታየው ታንክና በሰማይ በሚያልፈው አውሮፕላን አይደለም። ዛሬ አምቦ አካባቢ የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ አለን፤ የባሕር በር የለንም። የመከላከያ በጀት ምክር ቤት ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት የጠመንጃው ብዛት ብቻ አይደለም። የቀለሁ ነሐስ፣ ባሩዱና ማቀጣጠያው ከየት ይመጣሉ? ለአንድ አውሮፕላን ስንት ጎማና ስንት መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል? የጅቡቲ መንገድ ነገ ጠዋት ቢዘጋ በእጅ ያለው ነዳጅ ስንት ቀን ያስኬዳል?